የውሃ ሮኬት በረራ በስልክ እንዴት ይቀረጻል? ምስሉ ለብቻ፣ ድምፁ ለብቻ

ሐምሌ 9 ቀን 1961 ዓ.ም. አፖሎ 11ን የተሸከመው ሳተርን 5 ሮኬት ሲነሳ፣ ከሥሩ የተተከለ አንድ ካሜራ በሰከንድ 500 ምስል ያነሳ ነበር። ቀረጻው ቀስ ብሎ ሲታይ፣ በጣም በቀዘቀዘው ነዳጅ ምክንያት በታንኮቹ ግድግዳ ላይ የተጋገረው በረዶ እየተሰባበረ ይዘንባል። ከሞተሮቹ አፍ ወዲያው በታች ደግሞ ነበልባሉ ነጭ ከመሆኑ በፊት ጠቆር ይላል። ያ ጥቁረት የነዳጁን ፓምፕ ከሚያሽከረክረው ተርባይን የወጣ ቀዝቀዝ ያለ ጋዝ ነው፤ የሞተሩን አፍ ከሙቀት እንዲከላከል ዳር ዳሩን ይፈስሳል። እንዲህ ያለው የምሕንድስና ፊልም ድምፅ አይቀዳም። አብሮት የምንሰማው ጉርምርምታ ሌላ ቦታ ተቀድቶ የተገጠመ ነው።

ካሜራው ቅርብና ፈጣን ሆኖ፣ ድምፁ ለብቻ ተቀድቶ፣ ሁለቱ በኋላ ሲገጣጠሙ የሚገኘውን ውበት ሐዋሳ ላይ በአንድ የለስላሳ ጠርሙስ ማግኘት ይቻላል። ባሩድም እሳትም አያስፈልግም፤ ሮኬቱን የሚያነሳው ውሃና የታመቀ አየር ነው። ሦስት ስልክ ያስፈልጋል፤ ከጓደኛ መዋስ ይቻላል።

ሮኬቱ

ስሱ ሃይላንድ አይሆንም፤ ግፊት እንዲችል አልተሠራም። ጋዝ ያለው ለስላሳ የነበረበት የ1.5 ወይም የ2 ሊትር ጠርሙስ ምረጡ። ያልተጫረ፣ ያልተጨማደደ፣ ፀሐይ ላይ ያልከረመ ይሁን።

ከአሮጌ የፕላስቲክ ፋይል ሽፋን 10 በ7 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ክንፎች ቁረጡ። ካርቶን ገና በመጀመሪያው በረራ ረጥቦ ይልፈሰፈሳል። ክንፎቹን በአንገቱ በኩል፣ ከማስነሻው ጋር እንዳይጋጩ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ፣ እኩል አራርቃችሁ በስኮች ለጥፉ። ቀልጦ የሚጣበቅ ሙጫም ሱፐር ግሉም ይቅርባችሁ፤ የመጀመሪያው ሙቀቱ ጠርሙሱን ያሳሳዋል፣ ሁለተኛው አድርቆ እንዲሰነጠቅ ያደርገዋል። በሌላው ጫፍ፣ አሁን አናት በሆነው መቀመጫው ላይ፣ ለሁለት የተቆረጠ ለስላሳ የላስቲክ ኳስ ውስጥ 60 ግራም ያህል ጭቃ ሞልታችሁ ለጥፉ። አናቱ ካልከበደ ሮኬቱ ገና ሲነሳ ይገለባበጣል። ለመፈተሽ ባዶውን ሮኬት ሚዛኑን በሚጠብቅበት ቦታ በሲባጎ አስራችሁ ዙሪያችሁን አሽከርክሩት፤ አናቱን አስቀድሞ ከዞረ ደህና ነው።

ማስነሻው

ለቀረጻ ትልቁ ጉዳይ ሮኬቱ የሚነሳበትን ቅጽበት መምረጥ መቻል ነው። ቡሽ ብቻ ወትፎ እስኪፈናጠር መንፋት ቀላል ነው፤ ነገር ግን መቼ እንደሚፈናጠር ስለማይታወቅ ካሜራው ሳይዘጋጅ ያመልጣል።

40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ መሃል ላይ፣ የጠርሙሱን አፍ ጥብቅ አድርጎ የሚዘጋ የጎማ ቡሽ ወደ ላይ አቁሙ። በቡሽና በጣውላው ውስጥ ቀጭን የብረት ቱቦ አሳልፋችሁ ከሥሩ 5 ሜትር የአየር ላስቲክ ቀጥሉበት፤ መጋጠሚያውን በብረት ማሰሪያ አጥብቁ። በላስቲኩ ሌላ ጫፍ ላይ ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ የተቆረጠ ቫልቭ ይገጠማል። ቫልቩ እንዲህ እናንተ ጋ መሆኑ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል፤ አንድ ነገር ከተበላሸ ወደ ሮኬቱ ሳትጠጉ የቫልቩን መርፌ ተጭናችሁ አየሩን ታስተነፍሳላችሁ። መጀመሪያ ውሃ ይረጫል፣ ከዚያ ግፊቱ ይወርዳል።

ከቡሹ ግራና ቀኝ ጣውላው ላይ ሁለት የእንጨት ጉጦች ምቱ። ቁጥር 6 ብረት በ"ዩ" ቅርጽ አጥፋችሁ፣ ሁለቱ እግሮቹ በጉጦቹ ቀዳዳ አልፈው የጠርሙሱን አንገት ከወጣ ያለው ቀለበት በላይ እንዲያቅፉት አድርጉ። በእግሮቹ መካከል 29 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል፤ ግን የራሳችሁን ጠርሙስ ለኩ። ብረቱ ላይ 10 ሜትር ገመድ እሰሩ፤ ገመዱ ሲሳብ ሮኬቱ ይለቀቃል። ቀዳዳዎቹ ከፍ ካሉ ጠርሙሱ ከቡሹ ትንሽ ይነሳና አየር ያፈስሳል፤ ብዙዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። በ4 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ጠርሙሱን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 15 ኪሎ ዕቃ ከመሸከም ጋር ስለሚስተካከል፣ ጣውላውን በችካል ከመሬት ጋር ቸንክሩት።

ቦታና ሰዓት

በየአቅጣጫው 50 ሜትር ባዶ የሆነ ሜዳ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ የተገኘበት የትምህርት ቤት ኳስ ሜዳ ጥሩ ነው። አሞራ ገደል አካባቢ አይሆንም፤ ሰውም አባ ኮዳም ይበዛበታል፣ ሐይቁ ላይ የወደቀ ፕላስቲክም እዚያው ይቀራል። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ነፋሱ ገና ስላልበረታ ምስሉም ድምፁም የጠራ ይሆናል። ሐይቁ ከከተማዋ በስተምዕራብ በመሆኑ፣ በዚያ ሰዓት ፊቱን ወደ ሐይቁ ያዞረ ካሜራ ፀሐይ ከጀርባው ትሆናለች።

ሦስቱ ስልኮች

በ4 ባር የሚወጣው ውሃ ፍጥነቱ መጀመሪያ ላይ በሰከንድ 28 ሜትር ይጠጋል፤ ጠርሙሱም ውሃውን ከአንድ አስረኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይጨርሳል። በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሳ ተራ ቪዲዮ ከዚህ የሚይዘው ሁለት ሦስት ምስል ብቻ ነው። በ240 ስሎ ሞሽን ግን 15 ያህል ይገኛል።

የመጀመሪያው ስልክ በትራይፖድ ላይ፣ ከማስነሻው 3 ሜትር ርቆ፣ በቁመቱ ይቁም። በ240 ቅረጹ፤ የጠርሙሱን ምስል ስክሪኑ ላይ በጣት ለረጅም ጊዜ ተጭናችሁ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ፣ ከዚያ ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱ። ካልተቆለፈ ውሃው ሲፈነዳ ስልኩ ፎከስ ፍለጋ ይገባና ያ ቅጽበት ይደበዝዛል። ይህ ካሜራ ብቻ ፀሐይ ወዳለችበት ጎን ይዙር፤ ፀሐይቱ ከክፈፉ ውጭ፣ ከበስተኋላ ጥቁር አረንጓዴ ዛፍ ካለ፣ እያንዳንዱ ጠብታ ያበራል። ክፈፉ 3 ሜትር ያህል ከፍታ ይያዝ። ምክንያቱም ውሃው እንዳለቀ የሚመጣውን ነገር ማጣት የለባችሁም፦ የቀረው የታመቀ አየር በአንድ ጊዜ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ ያለው እርጥበት ጉም ይሆናል፣ ከጠርሙሱ አፍም ነጭ ደመና ይወጣል። የዚህ ቀረጻ ምርጡ ቅጽበት ይህ ነው።

ሁለተኛው ስልክ 30 ሜትር ርቆ፣ ወደ ሐይቁ ዞሮ፣ በሰከንድ 60 ምስል ሮኬቱን ይከተል። ዙም አትጠቀሙ። ከ5 ሜትር ላይ ሆኖ ለመከተል ስልኩን በአንድ አፍታ ወደ ሰማይ መቀልበስ ይጠይቃል፤ ከ30 ሜትር ግን 30 ሜትር ከፍታ ላይ የደረሰ ሮኬት 45 ዲግሪ ላይ ነው፣ እጅ ይደርስበታል።

ሦስተኛው ስልክ ድምፅ ብቻ ይቅዳ፤ ስሎ ሞሽን ላይ ያለው ስልክ የሚቀዳው ድምፅ አያስተማምንም። ማይኩን በስፖንጅ ሸፍናችሁ ከማስነሻው 5 ሜትር ላይ አስቀምጡት፤ ጥራቱን 48 ኪሎ ኸርዝ፣ ሳይጨመቅ በሚቀመጥ ፋይል አድርጉ። ባለገመድ ማይክ ካላችሁ ጣውላው ሥር ለጥፉት፤ የውሃውን መንቦቅቦቅና የብረቱን መላቀቅ በእንጨቱ በኩል ይሰማል። በተመሳሳይ፣ የስፔስ ሹትል (የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር) የጎን ሮኬቶች 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲለያዩ የምንሰማው ድምፅ አየር እጅግ በሳሳበት ቦታ የተቀዳ ነው፤ ማይኩ ጋ የደረሰው በብረቱ አካል በኩል ነው።

ማስነሳት

በ1.5 ሊትሩ ግማሽ ሊትር፣ በ2 ሊትሩ 650 ሚሊ ሊትር ውሃ ሙሉ። ሲበዛ ክብደቱ ያሸንፈዋል፣ ሲያንስ ግፊቱ ሥራውን ሳይጨርስ ውሃው ያልቃል። ጥቂት የምግብ ቀለም ብትጨምሩ ለካሜራ ይታያል። ጠርሙሱን ቡሹ ላይ ደፍታችሁ ብረቱን አስገቡ፣ ሁሉም ሰው 10 ሜትር ይራቅ፤ የሚነፋው ግን ላስቲኩ እስኪወጠር ርቆ መነጽር ያድርግ። ሦስቱም መቅዳት ሲጀምሩ፣ ሁለቱም ካሜራ እያየው አንድ ሰው አንዴ ጠንከር አድርጎ ያጨብጭብ። መለኪያ ባለው ፓምፕ እስከ 4 ባር፣ ማለትም 58 ፒኤስአይ ድረስ ንፉ፣ አትለፉ። ቆጥራችሁ ገመዱን በአንድ ጊዜ ሳቡ፤ ቀስ ብሎ ከተሳበ አንዱ እግር ቀድሞ ይለቅና ሮኬቱ ያጋድላል።

መገጣጠም

ካፕካት ወይም ሌላ ማቀናበሪያ ላይ ጭብጨባውን አጣጥሙ። የ240ው ምስል በ30 ሲታይ 8 ጊዜ ይዘገያል፤ ድምፁንም 8 ጊዜ አዘግዩት፣ የድምፁን ቅላጼ ጠብቅ የሚለውን ምርጫ ግን አጥፉ። ያኔ ድምፁ ሦስት ኦክታቭ ይወርዳል፤ የውሃው ሹፍታ ጉርምርምታ ይሆናል፣ የአየሩ ጷ የሚለው ድምፅም ረጅም ነጎድጓድ።

ለሁለተኛው ካሜራ መወሰን ያለባችሁ ነገር አለ። 30 ሜትር ላይ ድምፁ 0.09 ሰከንድ ገደማ ይዘገያል፣ በ60 ሲቆጠር 5 ምስል። ከእውነተኛ ሮኬት 5 ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመ ተመልካች 15 ሰከንድ ያህል በዝምታ ነበልባሉን ያያል፤ ከሩቅ ተቀርጾ እሳትና ጩኸት እኩል የሚመጡበት ቪዲዮ ተገጣጥሟል ማለት ነው። ለረጅሙ ቀረጻ መዘግየቱን መተው ይሻላል፣ ርቀቱ በጆሮ ይታወቃልና።

የድምፁ ሞገድ ጫፍ ጫፉ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ከሆነ በማቀናበሪያ አይመለስም። ማይኩን ተጨማሪ 3 ሜትር አርቃችሁ እንደገና አስነሡ፤ ከ10 በረራ በኋላ ግን ጠርሙሱን ቀይሩ።