ክራሩን ሳንሰቅል ስፖርት መሥራት

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አንድ ማታ ከሱቄ ወደ ቤት የሚያስኬደውን ዳገት ስወጣ መሀል ላይ ቆምኩ። ልጄ እጄን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝና «አባ፣ አመመህ?» አለኝ። አላመመኝም፤ ትንፋሼ ነው ያለቀው። ያኔ 40 ዓመቴ ነበር።

ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀን ስፌት መኪና ላይ አጎንብሼ እውላለሁ። ማታ ደግሞ ክራሬን አቅፌ አጎነብሳለሁ። በማግስቱ ጂም ተመዘገብኩ። አሠልጣኙ ጎበዝ ልጅ ነበር። ግን «ለ90 ቀን ሌላውን ሁሉ እርግፍ አድርገህ ተው» አለኝ። አመንኩት። ክራሩን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፤ የእሁድ ቡና ቀረሁ። በሰባተኛው ሳምንት ጂሙንም ተውኩት። የምወደው ነገር ሁሉ ሲወሰድብኝ ስፖርቱ ቅጣት ሆነብኝ። ክራሩ ግን እንደተሰቀለ ሌላ አራት ወር ቆየ። ያ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ በሌላ መንገድ ጀመርኩ። ይኸው እስካሁን አላቋረጥኩም። ያዋጣኝን እንደሚከተለው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የምትወዱትን ጻፉ

ወረቀት አውጡና በሳምንት ውስጥ የምትወዱትን ነገር ከነቀኑና ከነሰዓቱ ጻፉ። ስፖርትን ገና አትጻፉ። የእኔ ወረቀት ላይ የነበረው ይህ ነው፦ ማክሰኞና ዓርብ ማታ የክራር ትምህርት፣ እሁድ ከሰዓት ቡና፣ ቅዳሜ ከልጄ ጋር። በቃ።

ቀጥሎ እያንዳንዱን እያያችሁ «ወደዚህ የምሄደው በምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ወደ ክራር አስተማሪዬ ቤት የምሄደው በባጃጅ ነበር። በእግር ስለካው 35 ደቂቃ ሆነ። ደርሶ መልስ 70 ደቂቃ፣ በሳምንት ሁለቴ 140 ደቂቃ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ጠንከር ያለ ከሆነ ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ይበቃል። እንግዲህ እኔ አንዲት የስፖርት ቀን ሳልጨምር እዚያው ደጃፍ ላይ ደረስኩ ማለት ነው።

ለክራሩ ከወፍራም ሸራ ሁለት ማንገቻ ያለው ከረጢት ሰፋሁለት። ውስጡን በስፖንጅ ደረብኩት። ጀርባ ላይ ሲታዘል እጅ ነፃ ይሆናል፤ እጅ ሲወዛወዝ ደግሞ እርምጃው ይፈጥናል። የመጀመሪያ ቀን በላብ ተጠምቄ ገባሁና አስተማሪዬን «ጋሼ፣ ዛሬ በእግሬ ነው የመጣሁት» አልኳቸው። «ታዲያ ጣትህ ሞቋላ! በል ተቀመጥ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በደሴ ብርድ በባጃጅ ስሄድ ጣቴ እስኪፍታታ ብዙ ደቂቃ ይባክን ነበር። በእግሬ ስሄድ ተቀምጬ ወዲያው እገባበታለሁ። ስፖርቱ ከክራሩ ላይ ጊዜ አልሰረቀም፤ ይልቁንም ጨመረለት። እናንተም እንዲህ ያለውን መገጣጠሚያ ፈልጉ። ፎቶ የምታነሱ፣ አትክልት የምትተክሉ፣ መንዙማ ለማድመጥ የምትሄዱ፣ ሁላችሁም የሆነ ቦታ ላይ ታገኙታላችሁ።

ፍጥነቱን በዘፈን ለኩት

ሰው ስፖርት የሚተወው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ላይ አብዝቶ ስለሚሮጥ ነው። ሰዓት የሚለካ፣ ልብ ምት የሚቆጥር ዕቃ አያስፈልጋችሁም። የታወቀ መለኪያ አለ፦ እየተንቀሳቀሳችሁ ማውራት ከቻላችሁ ግን መዝፈን ካቃታችሁ፣ መካከለኛ እንቅስቃሴ ላይ ናችሁ። ሁለት ሦስት ቃል ተናግራችሁ ትንፋሽ የምትስቡ ከሆነ ጠንከር ያለው ውስጥ ገብታችኋል። እንደልብ መዝፈን ከቻላችሁ ደግሞ እየተንሸራሸራችሁ ነው።

ይህ ለእኛ ለወሎዬዎች የተሰፋ ልብስ ነው። አራቱ ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ባቲና አምባሰል የአገራችንን ስም ነው የያዙት። ወደ ጦሳ ተራራ የሚወጣውን መንገድ ስይዝ አምባሰል አንስቼ አንድ ስንኝ እሞክራለሁ። ረጅሙን ድምፅ ሳልቆርጥ ከጨረስኩ እርምጃዬን እጨምራለሁ። መሀሉ ላይ ከተቆረጠብኝ ልክ ነኝ። ጭራሽ ማንሳት ካቃተኝ ቀስ እላለሁ። ከሰማኝ ሰው ብዙዎቹ ፈገግ ይላሉ። አንድ ቀን እንጨት የተሸከሙ እናት ቀጣዩን ስንኝ ተቀብለውኝ አለፉ።

ከፍታውንም አስቡት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ግን በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ትላለች። ኮምቦልቻ ያለው ወንድሜ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ እኛ ጋ ሲመጣ የመጀመሪያውን ቀን ዳገት ላይ ይከብደዋል። ከቆላ የመጣችሁ እንደሆነ የመጀመሪያውን ሳምንት በለመዳችሁት ፍጥነት አትሩጡ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ እርምጃ አሳጥሩ፤ ጉልበት የሚጎዳው ከመውጣት ይልቅ በመውረድ ነው። ደረታችሁን ከጨነቃችሁ ወይም ካዞራችሁ ቁሙና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እሱ ላይ ቀልድ የለም።

ጡንቻውን አትርሱ

ከእርምጃው በተጨማሪ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ያስፈልጋል። ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው፣ ተቀምጦ ክራር ለሚመታ፣ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ይህ ዋናው ነው። የእኔ ጀርባ የዳነው በዚህ ነው።

ዕቃዬ ባለ 5 ሊትር ሁለት ጀሪካን ነው። ውኃ ሲሞሉ እያንዳንዳቸው 5 ኪሎ ናቸው። ወገቤን ሳላጎብጥ ከዳሌዬ ጎንበስ እልና ክርኔን ወደ ኋላ እየሳብኩ 10 ጊዜ አነሳቸዋለሁ። ትከሻን ወደ ኋላ የሚመልሰው ይህ ነው። ከዚያ 15 ቁጭ ብድግ። ከዚያ ፑሽ አፕ፤ መሬት ላይ ካልቻላችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ጀምሩ፣ እኔም ከግድግዳ ነው የጀመርኩት። ይህን ሦስት ዙር። 20 ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ጀሪካን ጨብጣችሁ ወዲያው ክራር አትያዙ። ጣት ይንቀጠቀጣል፤ ክሩ ላይ ያለው ልስላሴ ይጠፋል። እኔ አንድ ወር ሙሉ «ችሎታዬ ቀነሰ» ብዬ ሳዝን ምክንያቱ ጀሪካኑ ነበር። አሁን ጡንቻውን ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ነው የምሠራው፣ ክራሩ ማታ ነው። ጥልፍ የምትጠልፉ፣ ሥዕል የምትስሉም እንደዚሁ አራርቁት።

የክፉ ቀን ልክ

እኛ ልብስ ሰፊዎች በዓል ሲደርስ አንተኛም። ዒድ፣ ገና፣ ፋሲካ፣ ከዚያ ደግሞ ጳጉሜና መስከረም ላይ የተማሪ ዩኒፎርም። መጀመሪያ ላይ በእነዚህ ሳምንታት ስፖርቱን እተወዋለሁ፤ ከዚያ መመለስ ያቅተኛል። አንድ ሳምንት የነበረው አንድ ወር ይሆናል።

አሁን ሁለት ልክ አለኝ። አንዱ የደህና ቀን ልክ ነው፤ ከላይ የነገርኳችሁ። ሌላው የክፉ ቀን ልክ ነው፦ 10 ቁጭ ብድግ፣ 10 ፑሽ አፕ፣ አንድ ዜማ በክራር። በቃ። ሁሉም 10 ደቂቃ አይሞላም። ሥራ ሲበዛ፣ ልጅ ሲታመም፣ ለቅሶ ሲኖር ያችን ብቻ እሠራለሁ። ከዚያ በላይ ብችልም አልጨምርም። ይህን አጥብቄ የምነግራችሁ በምክንያት ነው። በክፉ ቀን ልክ ላይ ከጨመራችሁባት በሚቀጥለው ቀን ትከብዳችኋለች። ከከበደች ደግሞ አትሠሯትም።

የክፉ ቀን ልካችሁን አሁን፣ ደህና ሳላችሁ፣ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ሲደክማችሁ መወሰን ይከብዳል።

መዝገቤ ስፌት መኪናዬ አጠገብ የተለጠፈ ወረቀት ነው። ሁለት ዓምድ አለው፤ ስፖርትና ክራር። ደቂቃውን ጽፌ ቅዳሜ ማታ እደምራለሁ። ቀን አልቆጥርም፣ ሳምንት ነው የምቆጥረው። አንዱ ዓምድ ሁለት ሳምንት ባዶ ከሆነ ሌላው በዝቶበታል ማለት ነው፤ ያኔ አስተካክላለሁ። ስፖርቱ በዝቶ ክራሩ ባዶ ሲሆንም እንደዚያው እጨነቃለሁ። ወገቤን በሜትር የምለካው በወር አንዴ ብቻ ነው። ሜትር አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ እየዋለ በየቀኑ አለመለካት ከባድ ነው፤ ግን በየቀኑ መለካት ልብን ያደክማል።

ጓደኛ፣ ጾምና ቡና

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴ ሱብሂ ሰግዶ ሲመለስ በሬን ያንኳኳል። ሶምሶማ እንወጣለን። ደውሎ ከሚቀሰቅስ ስልክ በር የሚያንኳኳ ሰው ይበልጣል። ስልክን ታጠፋዋለህ፤ ብርድ ላይ የቆመን ጓደኛ ግን አታጠፋውም። «አብሽር፣ እስከዚያች ዛፍ ብቻ» ይለኛል ሲደክመኝ። እኔም እንደዚያው እለዋለሁ።

በረመዳን ሰዓታችንን እንቀይራለን። ሩጫው ይቀርና ከማፍጠሪያው በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቀስ ብለን እንራመዳለን። መግሪብ ሲል ቤቱ ደርሶ ተምሩ ላይ ነው። ጡንቻውን ካፈጠረ በኋላ፣ ውኃ ከጠጣ በኋላ ይሠራል። በሁዳዴ ደግሞ ተራው የእኔ ነው። እስከ 9 ሰዓት ስለምጾም ጠዋት ጀሪካን አላነሳም፤ ወደ ማታ ገፋ አደርገዋለሁ፣ ክራር የሌለበትን ቀን መርጬ። ምስርና ሽሮ፣ ባቄላ በደንብ እበላለሁ። በጾም ወራት ዓላማችን መጨመር ሳይሆን የያዝነውን አለማጣት ነው። ሁለት ጾም ያለው ሰፈር ውስጥ መኖር ለስፖርትም ጥሩ ነው፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ያነሳዋል።

ቡናውን ስለመተው የሚነግራችሁን አትስሙ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ባክኖ የቀረ ጊዜ አይደለም። እኔ የእሁዱን ቡና ሙሉውን እቀመጣለሁ። ግን በእግሬ እሄዳለሁ። ቆሎውን እበላለሁ፤ ስኳሩን አንድ ማንኪያ አድርጌዋለሁ።

ከልጄ ጋር ያለችው ሰዓት ሌላ ደስታ ናት። አንድ ቅዳሜ የድሮውን የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍን አይተን እንመለሳለን፤ ሌላ ጊዜ ቦሩ ሜዳ በመኪና ሄደን እዚያ እንራመዳለን። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩበት ሜዳ መሆኑን ነግሬው «የት ጋ ተቀመጡ?» እያለ ሜዳውን ሁለቴ አዙሮኛል። ታሪክ የሚወድ ልጅ ያለው ሰው ትሬዲሚል አያስፈልገውም።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭቃውና ጉሙ ያስቸግራል። አስፋልት አስፋልቱን፣ መኪናው ከፊት እየታያችሁ በግራ ጠርዝ ሂዱ። እኔ ጃኬቴ ጀርባ ላይ ብርሃን የሚመልስ ጥብጣብ ሰፍቼበታለሁ። ዶፍ ከሆነ ሱቄ በረንዳ ላይ ገመድ እዘላለሁ።

ካቋረጣችሁ

ታቋርጣላችሁ። እኔም ባለፈው ዓመት ታይፎይድ ይዞኝ ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ስትመለሱ ካቆማችሁበት አትጀምሩ። በግማሹ ጀምሩ፤ 35 ደቂቃ ትራመዱ ከነበረ 17፣ ሦስት ዙር ትሠሩ ከነበረ አንድ ተኩል። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። ያለፈውን ለማካካስ በአንድ ቀን ሁለት ቀን አትሥሩ።

ከስፖርቱም በፊት የምትወዱትን መልሱ። እኔ ከአልጋ እንደተነሳሁ መጀመሪያ ያነሳሁት ክራሩን ነው። ቅኝቱ ተዛብቶ ነበር። ትዝታ ቃኘሁት። ማክሰኞ ሲደርስ ከረጢቱን አነገትኩና መንገዱን እኩሌታ በባጃጅ፣ እኩሌታ በእግሬ ሄድኩ።