አዲስ አበባ ሆናችሁ ለትውልድ መንደራችሁ የውሃ ጉድጓድ እንዴት ታስቆፍራላችሁ?

አዲስ አበባ ካፌዎች ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት የአካባቢ ተወላጆች ተሰብስበው ሲመክሩ ማየት የተለመደ ነው። ስለ ውሃ ከሆነ የምትመክሩት፣ ገንዘብ ማዋጣቱ ከባዱ ሥራ አይደለም። ጉድጓዱን ከአምስት ዓመት በኋላም በሥራ ላይ ማቆየት ነው ከባዱ።

መዋጮ ከመጀመራችሁ በፊት ወረዳው ውሃ ጽህፈት ቤት ሂዱ። በአካባቢው የተቆፈሩ ጉድጓዶች ውሃ ያገኙት ስንት ሜትር ላይ እንደሆነ ጠይቁ። የባንክ ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ።

ቦታው ከመጸዳጃ ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ጎርፍ የሚተኛበትም አይሁን። ብዙ ያዋጣ ሰው ስለጠየቀ ብቻ ዘመዱ ደጃፍ ላይ አታስቆፍሩ።

ቁፋሮው በበጋው መጨረሻ ይሁን። ነሐሴ ላይ ውሃ የሞላው ጉድጓድ መጋቢት ላይ ሊደርቅ ይችላል። ውሃ ለመሳብ ብላችሁ የነዳጅ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ በጭራሽ አታውርዱ። ጭሱ ቆፋሪውን ይገድላል።

መንደራችሁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከሆነ ፍሎራይድ (ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ንጥረ ነገር) ሳታስመረምሩ ፓምፕ አትግዙ። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ወንጂ አካባቢ ያደጉ ሰዎችን ጥርስ ያየ ጉዳቱን ያውቀዋል። ውሃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያጠፋውም።

ፓምፑ ላይ ክርክር አይጠፋም። አንዱ ተነስቶ ሶላር ይሻላል ይላል። ለጥልቅ ጉድጓድ እውነቱን ነው። እስከ 45 ሜትር ድረስ ግን እኔ የምመርጠው አፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ ነው። ውሃውን ወደ ላይ የሚያነሳው ፒስተንና ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዘው የታችኛው ቫልቭ ቧንቧው ሳይነቀል በላይ በኩል ይወጣሉ። የሠለጠኑ የመንደሩ ልጆች ራሳቸው ይጠግኑታል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ የውሃ ኮሚቴው። ኮሚቴው ከቁፋሮው በፊት ይመረጥ፤ በምረቃው ቀን የተመረጠ ኮሚቴ ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል። እኛ አገር አንዲት ትንሽ የማሸጊያ ጎማ አልቃ ፓምፕ ሲቆም አይቻለሁ። ጎማዋን የሚገዛ ገንዘብም፣ ለመግዛት ኃላፊነት ያለበት ሰውም አልነበረም። እናቶች እንደገና እንስራ ተሸክመው ወንዝ ወረዱ። እስካሁን ያናድደኛል።

ስለዚህ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ኮሚቴው ውስጥ ይግቡ፤ ገንዘብ ያዥዋም ከእነሱ መካከል ትሁን። ፓምፑ ሲበላሽ ቀድመው የሚጎዱት እነሱ ናቸውና ዝም አይሉም። መዋጮውን በየወሩ መሰብሰብ ወረቀት ላይ ያምራል፤ ገበሬው እጅ ላይ ግን ብር የሚገባው እህል ሲሸጥ ነው። ያኔ፣ ታህሳስና ጥር ላይ፣ የዓመቱን አንዴ ሰብስቡ። ከመንደሩ ሁለት ሰው አሠልጥኑ፤ አንዱ ለሥራ ከአገር ቢወጣ ሌላው ይኖራል። መፍቻዎቹንና መለዋወጫ ጎማዎቹን ከፓምፑ ጋር አብራችሁ ገዝታችሁ ላኩ። ውሃው እስኪመጣ የፓምፑን እጀታ ብዙ ጊዜ መምታት ካስፈለገ የታችኛው ቫልቭ ሳያፈስ አይቀርም፤ ፓምፑ እስኪቆም ሳይጠበቅ ቫልቩ ወጥቶ ይታይ።

ዙሪያው በሲሚንቶ ይለሰን፣ የፍሳሽ መውረጃ ይሠራለት፣ ከብት እንዳይገባ ይታጠር። ከዚያ ጉድጓዱ በክሎሪን ታክሞ የውሃው ናሙና ይመርመር። ውጤቱ ሳይመጣ ማንም አይጠጣ።

በመጀመሪያው መጋቢት የውሃውን ከፍታ አስለክታችሁ መዝግቡ። ሁለተኛ ጉድጓድ ስታስቡ የወረዳው ባለሙያ ይፈልገዋል።