ዳሌ ከተቀየረ በኋላ እንዴት መቀመጥ፣ መነሳትና መሄድ እንደሚቻል

የዳሌ መገጣጠሚያዬ ተቀይሮ ባሕር ዳር ቤቴ ስገባ ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ሁሉ "መራመድ ቻልክ?" ይለኝ ነበር። መራመዱስ አላቃተኝም፤ በዎከር፣ ማለትም በእጅ ይዘው በሚሄዱበት ባለ አራት እግር ብረት፣ ከሳሎን መኝታ ቤት እመላለስ ነበር። መከራዬ መቀመጥ ነው። የኛ ቤት ነገር ሁሉ ዝቅ ያለ ነው፦ ዱካው፣ መሶቡ፣ ረከቦቱ። ሶፋውም ቢሆን ሰው ይውጣል። አዲስ ዳሌ ደግሞ ዝቅታ አይወድም።

ከሁሉ በፊት በየት በኩል እንደተከፈታችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። የኔ ከኋላ ነው። ከኋላ ለተከፈተ ሰው ዳሌን ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ፣ እግር ማነባበርና የተሠራውን እግር ወደ ውስጥ ማዞር ክልክል ነው። ከፊት ከሆነ ክልከላው ሌላ ነው። ጊዜው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ነው፤ የናንተን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው። የተቆረጠው ሥጋ እስኪጠግግ የአዲሱ መገጣጠሚያ ኳስ ከጎድጓዳዋ እንዳትወጣ የሚይዛት ነገር ገና ደካማ ነው።

ቤት ውስጥ ምንጣፍና የኤሌክትሪክ ገመድ አንሱ። ቄጠማም ይቅር። እርጥብ ቄጠማ ላይ ክራንች ልክ ሳሙና እንደረገጠ ነው የሚሄደው። እኔ "ለ3 ወር ቄጠማ አይጎዘጎዝም" ብዬ አወጅሁ። ባለቤቴን ቅር አላት፤ ቅር ይበላት።

አሁን ወደ መቀመጡ። ወንበሩ ጠንካራና የእጅ መደገፊያ ያለው ይሁን። ስትቀመጡ ጉልበታችሁ ከዳሌያችሁ ከፍ ካለ ወንበሩ አጭር ነው፤ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ጨምሩበት። ወንበሩ ከጉልበታችሁ በስተጀርባ እስኪነካችሁ ወደ ኋላ ተጠጉ። የተሠራውን እግር ወደ ፊት ዘርጉ። ዎከሩን ልቀቁና መደገፊያውን በሁለት እጅ ያዙ፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ውረዱ።

መነሳቱ ይከብዳል። ሰው ሲነሳ ሳያስበው ደረቱን ወደ ፊት ይደፋል፤ ዳሌው ከ90 ዲግሪ የሚያልፈው ያኔ ነው። መጀመሪያ ወደ ወንበሩ ጠርዝ ተንሸራተቱ። የተሠራውን እግር ዘርጉ። ወገባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ፣ መደገፊያውን በእጃችሁ ገፍታችሁ፣ በደህናው እግር ተነሱ። ዎከሩን የምትይዙት ከቆማችሁ በኋላ ነው። እሱን ስቦ መነሳት ይዞ መውደቅ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ በ4ኛው ሳምንት ጎረቤት ቡና ጠራኝ። "ለአንድ አፍታ" ብዬ ዱካ ላይ ተቀመጥሁ። ሁለተኛው እየተቀዳ አንድ አዛውንት ገቡ። "ኖር!" ብዬ ብድግ አልሁ። እሳቸው "በእግዜር" ብለው ሳይጨርሱ ዳሌዬ ውስጥ ቋ አለ። ስኒ በያዘችው ልጅ ላይ ልወድቅ ትንሽ ነው የቀረኝ። ራጅ ተነሳሁ፤ አልወለቀም። ሐኪሙ ግን ተቆጣኝ። ከዚያ ወዲህ "ኖር" የምለው ቁጭ ብዬ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ነው። የተቀየመኝ ሽማግሌ እስካሁን የለም።

ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት አይታሰብም። እኔ መሐሉ የተቦረቦረ፣ መደገፊያ ያለው የእንጨት ወንበር አናጺ ጋ አሠራሁ። የፕላስቲክ ወንበር ቆርጦ መጠቀምን አልወደውም፤ እርጥብ ወለል ላይ እግሩ ይከፈታል።

ስትዞሩ በተሠራው እግር ላይ አትሽከርከሩ፤ በትንንሽ እርምጃ ዙሩ። ደረጃ ስትወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ስትወርዱ ክራንቹና የተሠራው። ስትተኙ በእግሮቻችሁ መካከል ትራስ አድርጉ።

ባጃጅ ለጊዜው ይቅር። ጠባብ ነው፤ ጉልበት አጥፎ ነው የሚያስቀምጠው። መኪና ካገኛችሁ የፊት ወንበሩን ወደ ኋላ አስገፉ፣ መደገፊያውንም ዘንበል አስደርጉ። ፌስታል አንጥፉበት። ጀርባ ሰጥታችሁ ተቀመጡና ሁለቱን እግር አንድ ላይ እያዞራችሁ ግቡ። ፌስታሉ መዞሩን ያቀልለዋል። መኪናው ሳይነሳ ግን አውጡት፤ ፍሬን ሲያዝ ያንሸራትታል።

ፊዚዮቴራፒስቱ ሲፈቅድ በጠዋት የጣና ዳርን ያዙ፤ ሜዳ ነው፣ ጥላም አለው። ዘጌ በጀልባ መሄዱ ግን ይቆይ፤ ከወደቡ ወደ ጀልባው መውረዱ ለጤነኛም አይመችም። ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ መቋሚያን በክራንች ቦታ አትጠቀሙ፤ ጫፉ ጎማ የለውም።

ድንገት ኃይለኛ ሕመም ከመጣ፣ እግር ካጠረ ወይም ከዞረ፣ መርገጥ ካቃተ አትነካኩት፤ ሐኪም ቤት ነው። ባት ካበጠና ካመመ፣ ደረት ከወጋ ወይም ትንፋሽ ካጠረም ያኔውኑ ነው። ወጌሻ ግን በፍጹም። ያን የቡናውን ቀን አጎቴ "እሱ በአንድ ሳብታ ይመልሰዋል" ብሎ ስልኩን አውጥቶ ነበር። ስልኩን የቀማችው ባለቤቴ ናት፤ ያቺው የቄጠማዋ።