ጎበዝ ልጆች ተሰብስበው ለምን ይሸነፋሉ? የዩኒቨርሲቲ ቡድን ለሚያሠለጥኑ

ከየአካባቢው የመጡ ጎበዝ ተማሪዎች አንድ ማሊያ ስለለበሱ ብቻ ቡድን አይሆኑም። አንዱ ሰፈር ውስጥ አብዶ እየሠራ ያደገ ነው፤ ሌላው በፕሮጀክት ሠልጥኖ የመጣ፤ ሌላው በትምህርት ቤት ውድድር ጎል በማግባት ስም ያወጣ። ኳስ እግራቸው ሥር ስትገባ ሁሉም ያምራሉ። ጨዋታው የሚበላሸው ኳሷ ስትነጠቅ ነው፤ ሦስቱ ወደ ፊት ይጫናሉ፣ አራቱ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፣ መሀል ሜዳው ለተጋጣሚ ይለቀቃል። አሰልጣኝ ውጤት የሚቀይረው እዚህች ቦታ ላይ ነው።

እዚሁ ጅማ ውስጥ ያየነው ነገር ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም.፣ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገ በመጀመሪያው ዓመት፣ ዋንጫውን ሲያነሳ አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከመቀሌ 70 እንደርታ ጋር፣ በሌሎች ተጫዋቾች፣ ድጋሚ ሻምፒዮን ሆኑ።

ተጫዋች ስትመርጡ ዓይናችሁ ኳሷን አይከተል። በግማሽ ሜዳ 8 ለ 8 አጫውቱ፣ በየ15 ደቂቃው ቀያይሯቸው። ኳስ በተነጠቀ በ5 ሰከንድ ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ ያደረገውን ከስሙ ፊት ጻፉ፦ አሳደደ፣ ቆመ፣ ወይም እጁን ዘርግቶ ዳኛው ላይ ጮኸ። የሚጮኸው ባለ ችሎታ ከሆነ አታባርሩት፤ ግን ከመጀመሪያው ቀን አንድ የማያሻማ ሥራ ስጡት። «ኳስ ስናጣ የእነሱን 6 ቁጥር ዝጋ» በቂ ነው፤ 6 ቁጥር ማለት ከተከላካዮቹ ፊት የሚጫወተው አማካይ ነው። «ጠንክረህ ተከላከል» ማለት ለሱ ምንም ማለት አይደለም።

ዋናው ልምምድ ይሄ ነው። 40 በ30 ሜትር ቦታ በኮን ከልሉ፣ በሁለቱም ጫፍ ትንንሽ ጎል አስቀምጡ። 6 ለ 6 ይጫወቱ፤ ሁለት ተጨማሪ ልጆች ኳስ የያዘውን ቡድን ብቻ ያግዙ። ኳስ የተነጠቀው ቡድን በ5 ሰከንድ ካላስመለሰ ሁሉም ከመሀል መስመሩ ኋላ ይገባል። ሰከንዱን ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ። 4 ደቂቃ ጨዋታ፣ 2 ደቂቃ ዕረፍት፣ አራት ዙር።

መጀመሪያ ምን እንደሚበላሽ ይታወቃል፦ አንድ ትጉህ ልጅ ብቻውን ይሮጣል፣ በአንድ ቅብብል ይታለፋል፣ ከዚያ ሁሉም እሱን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም። ቅርብ ያለው ባለ ኳሱን ሲጫን በግራና በቀኝ ያሉት ኳስ ሊቀበል የሚችለውን መያዝ፣ ተከላካዮቹም ወደ ፊት መጠጋት ነበረባቸው። ይህን በቃል ብትነግሯቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ አይታያቸውም። ስለዚህ በሙሉ ሜዳ ስታጫውቱ ፊሽካ ንፉና «ሁሉም ባለበት ይቁም» በሉ። ከመሀል ተከላካዩ ተነስታችሁ እስከ አጥቂው ድረስ እርምጃ እየቆጠራችሁ ሂዱ። ቆጠራው 50 ሲያልፍ ልጆቹ ያለ ማብራሪያ ይገባቸዋል። ወደ 35 እርምጃ እስኪወርድ ድረስ በየልምምዱ ደጋግሙት፤ በአንድ ዙር ግን ከሁለት ጊዜ በላይ ጨዋታ አታቁሙ፣ ሰውነታቸው ይቀዘቅዛል።

የጅማ ዝናብ ክረምትን ቀድሞ ገብቶ ዘግይቶ ነው የሚወጣው። ከጨዋታው አንድ ሰዓት በፊት ኳስ ይዛችሁ ሁለቱም የቅጣት ክልል ውስጥ ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ሞክሩ። ጭቃው ላይ የምትቆም ከሆነ በዚያ በኩል ከበረኛ ጀምሮ በአጭር ቅብብል መመሥረት ይቅር። አጥቂዎች እያንዳንዱን ምት ተከትለው ይግቡ፤ እርጥብ ኳስ ከበረኛ እጅ ታመልጣለች። በዕረፍት ሰዓት ታኬታ በእንጨት ይጠረግ።

የቆመ ኳስ ላይ ሁለት ዓይነት የማዕዘን ምት ይበቃል። ማን ማንን እንደሚይዝ በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉ። ቅያሪ እንደተደረገ ጎል በቀላሉ ሊገባ ይችላል፤ ወጪው ይይዘው የነበረው ረጅም ተከላካይ ባለቤት ያጣል። ገቢው ልጅ ወደ ሜዳ ከመግባቱ በፊት የሚይዘውን ሰው ቁጥር በራሱ አፍ ይንገራችሁ።

የፈተና ሳምንት ከባድ ልምምድ አይያዝ፤ ሌሊቱን ሲያነብ ያደረ ልጅ በቀላሉ ይጎዳል። በረመዳን ልምምዱ ከኢፍጣር በፊት ለ45 ደቂቃ ያህል ቀለል ብሎ ይካሄድ፤ ሩጫ የሚበዛበት ከኢፍጣር በኋላ ይሁን። ለማይጾሙት ሌላ ሰዓት አትመድቡ፤ ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል።

ዕረፍቱ 15 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች ዝም በሉ፤ ውኃ ይጠጡ፣ ትንፋሻቸው ይመለስ። ከዚያ ሁለት ነገር ብቻ ንገሯቸው፤ አንዱ ኳስ ሲይዙ፣ አንዱ ኳስ ሲያጡ የሚያደርጉት። ሦስተኛ ነገር ካላችሁ ለአምበሉ ብቻ፣ ወደ ሜዳ ሲወጣ በጆሮው።