ለዓሣ ነባሪና ለዶልፊን ጥናት በበጎ ፈቃደኝነት ስትሄዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለእንዲህ ዓይነት ጥናት የሚመዘገብ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ከውሃ ዘሎ የሚወጣ ዶልፊን ነው። ጀልባው ላይ ግን አብዛኛው ሰዓት የሚያልፈው ባዶ ውሃ በማየትና ቅጽ በመሙላት ነው። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመጡት ይህን ሳያውቁ ከመሄድ ነው።

የመጀመሪያው ሳይጠይቁ መክፈል ነው። በጎ ፈቃደኛ ቢባልም ብዙ ጊዜ ተሳታፊው ይከፍላል። ጀልባ ነዳጅ ይፈልጋል፣ ሰውም ይበላል፣ ያድራል። ክፍያው በራሱ ችግር የለውም። ችግሩ «ጥናት» የሚል ስም ለጥፈው ቱሪስት የሚያዞሩ መኖራቸው ነው። የጥናት ፈቃድ አላችሁ ወይ? የምንሰበስበው መረጃ የት ይገባል? እስካሁን ምን አሳተማችሁ? ብላችሁ ጠይቁ። እውነተኛ ተመራማሪ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ይወደዋል። «አብረን እንዋኛለን፣ እንነካቸዋለን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ግን እዚያው ተዉት። ሃዋይ ያሉት ስፒነር ዶልፊኖች ሌሊቱን ሲያድኑ አድረው ቀን ያርፋሉ። ዋናተኛውና ጀልባው እረፍት ስለነሳቸው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ50 ያርድ (45 ሜትር ገደማ) ባነሰ ርቀት መጠጋትን ከልክላለች።

ሁለተኛው፣ በእኔ እምነት ከሁሉም የሚብሰው፣ ምንም ያልታየበትን ቀን እንደ ኪሳራ መቁጠር ነው። ዛሬ ሁለት የዶልፊን መንጋ አየን ማለት ብቻውን ምንም አይናገርም። በሁለት ሰዓት ፍለጋ ነው ወይስ በሃያ? ባዶው ሰዓት ካልተመዘገበ የታየው ቁጥር ከምንም ጋር አይነጻጸርም። የባሕሩ ሁኔታም የሚጻፈው ለዚህ ነው። ነጭ አረፋ ያዘለ ሞገድ ሲበዛ የዶልፊን ክንፍ በቀላሉ ይሰወራል። ረግቶ በተኛ ባሕር ላይ «አላየንም» ማለትና በሚናወጥ ባሕር ላይ «አላየንም» ማለት ስለዚህ አንድ አይደሉም። ሰልችቶት ስልኩ ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ የተሰጠውን አቅጣጫ ባዶ ያስቀራል፤ ቅጹ ላይ ግን ሲጠበቅ እንደዋለ ይጻፋል። ከዚህም የከፋው ቁጥር መገመት ነው። አምስት ይሁኑ ስምንት ካልለያችሁ አልለየሁም በሉ። ማንም አይስቅባችሁም።

ፎቶ ላይም ያው ነው። ዝላዩ ለማኅበራዊ ሚዲያ ያምራል፣ ለጥናቱ ግን ብዙም አይጠቅም። ዶልፊን የሚለየው በጀርባ ክንፉ ጠርዝ ላይ ባሉት ጭረቶችና ቁርጥራጮች ነው። ስለዚህ ከጎን፣ ክንፉ በደንብ እንዲታይ አድርጋችሁ አንሱት። ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪ ሲሆን የሚፈለገው የጅራቱ የታችኛው ክፍል ነው፤ ጥቁርና ነጭ ንድፉ እንደ ጣት አሻራ ነው። ምልክት ያለውን ብቻ መርጦ ማንሳትም ስህተት ነው። ክንፉ ንጹሕ የሆነው ካልተነሣ የመንጋው ቁጥር ይዛባል።

ካፒቴኑን «ትንሽ ጠጋ በል» እያሉ መወትወት አያስፈልግም። በብዙ አገር ለዓሣ ነባሪ የተቀመጠው ርቀት 100 ሜትር አካባቢ ነው። ልዩ ፈቃድ ያለው የጥናት ጀልባ ሊጠጋ ቢችልም ለሥራው እንጂ ለሰልፊ አይደለም። ስፐርም ዓሣ ነባሪ ጠልቆ 45 ደቂቃ ያህል ሊቆይ ይችላል። ሲወጣ መተንፈስ አለበት፣ ተዉት ይተንፍስ።

የማቅለሽለሽ መድኃኒት ሆድ ከተገለበጠ በኋላ መዋጥ ብዙም አይረዳም። ጀልባው ከመነሳቱ ቀደም ብሎ ይወሰዳል። አንዳንዱ እንቅልፍ ስለሚያመጣ አስቀድማችሁ ፋርማሲስት አማክሩ። ሲብስባችሁ ዓይናችሁን ከቅጹ አንሥታችሁ አድማሱን እዩ፣ የሚጽፍላችሁ ሰው አይጠፋም።

ዕቃ ላይ ብዙ አልልም። ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬትና የውሃ ነጸብራቅ የሚቀንስ ፖላራይዝድ መነጽር ያዙ። ደመና ቢሆንም የፀሐይ ክሬም አይቅር፤ አገጭ ሥርም ይቀባ፣ ፀሐዩ ከውሃው ተመልሶ ከታች ይመጣል።