የሜክን የአጠቃቀም መመሪያ እንዴት እናርማለን?

ደብረ ብርሃን ፕሮግራሚንግ የሚማሩ ልጆች የሚቀባበሉት የአማርኛ የሜክ መመሪያ አለ፤ ሜክ (make) ከኮድ ፋይሎች ፕሮግራም የሚገነባ መሣሪያ ነው። የጻፉት ሰዎች ደክመውበታል፣ ይመሰገናሉ። ግን የተሳሳቱ መስመሮች አሉበት፤ አንዱ እንዲያውም ላፕቶፕ ያስቆማል። ስታርሙት እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ተርሚናል ላይ "ሜክ ዳሽ ዳሽ ቨርዥን" (make --version) ብላችሁ ጻፉና የወጣውን ቁጥር መመሪያው አናት ላይ ጻፉት። ማክ ላይ አብሮ የሚመጣው 3.81 ነው፣ ሊኑክስ ላይ ግን 4 እና ከዚያ በላይ ታገኛላችሁ። አንዱ ላይ ያለ አማራጭ ሌላው ላይ ላይኖር ይችላል።

ከዚያ ትዕዛዞቹን አንድ በአንድ አስኪዱ። በንባብ ብቻ ማረም አይሆንም።

ትልቁ ጣጣ ዳሽ ጄ (-j) የሚባለው አማራጭ ነው። መመሪያው "ዳሽ ጄ ካልክ ሜክ ለማሽንህ የሚመጥነውን ያህል ሥራ ጎን ለጎን ያስኬዳል" ይላል። ስህተት ነው። ቁጥር ካልሰጣችሁት ገደብ የለውም፤ ተራው የደረሰውን ፋይል ሁሉ በአንዴ ኮምፓይል ማድረግ (ወደ ማሽን ቋንቋ መቀየር) ይጀምራል። ስንት ሰው እንደሚመጣ ሳያውቁ ደቦ እንደ መጥራት ነው፣ እንጀራውም ጠላውም በጠዋቱ ያልቃል። 4 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ትልቅ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮጀክት ከሆነ ማሽኑ ስታክ ያደርጋል፣ ተማሪው ደግሞ ላፕቶፑ የተበላሸ ይመስለዋል።

ይህን ለማረጋገጥ ማሽን ማስጨነቅ አያስፈልግም። እያንዳንዳቸው 1 ሰከንድ ብቻ የሚተኙ 10 ሥራዎች ያሉበት ትንሽ ሜክፋይል (ሜክ የሚያነበው የትዕዛዝ ፋይል) ጻፉ። በዳሽ ጄ 2 አምስት ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ያለ ቁጥር ግን በ1 ሰከንድ አካባቢ ያልቃል፣ ምክንያቱም አሥሩም አብረው ይነሳሉ። እርማቱን እንዲህ ጻፉት፦ "ከዳሽ ጄ ቀጥሎ ሁልጊዜ ቁጥር ስጥ። ሊኑክስ ላይ የፕሮሰሰርህን የኮር ብዛት ኤንፕሮክ (nproc) የሚለው ትዕዛዝ ይነግርሃል፤ ራምህ ትንሽ ከሆነ ከዚያም ቀንስ።"

ዳሽ ኤን (-n) የሚለውን አማራጭም "ትዕዛዞቹን ምንም ሳያስኬድ ያሳያል" ብላችሁ አትለፉት። በሜክፋይሉ ውስጥ በመደመር ምልክት የሚጀምሩ የትዕዛዝ መስመሮችና በ$(MAKE) ሜክን መልሰው የሚጠሩት ያን ጊዜም ይሠራሉ። የማጥፊያ ትዕዛዝ እዚያ ውስጥ ካለ ፋይል ይጠፋል፣ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ከምሳሌው በፊት ይቀመጥ።

መመሪያውን በወርድ አታዘጋጁት እባካችሁ። ሜክፋይል ውስጥ የትዕዛዝ መስመር በታብ መጀመር አለበት፤ ምሳሌው ኮፒ ሲደረግ ታቡ ሊጠፋ ወይም ስፔስ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ጀማሪው በዓይን የማይታይ ስህተት ሲፈልግ ይውላል። ተራ የጽሑፍ ፋይል ይበቃል።

እርማቶቹን ለባለቤቶቹ ስትልኩ ለየብቻ ላኩ፣ ከእያንዳንዱ ጋር ያስኬዳችሁትን ትዕዛዝና የወጣውን ውጤት አያይዙ።