በድሬዳዋ ሆነው የድረ ገጽ ሰርቨር ለሚያስተዳድሩ፦ የጥገናና የጥበቃ መመሪያ

ከዚራ በተባለው የከተማችን ሰፈር ቢሮ ያለው አንድ የትራንዚት ድርጅት «ድረ ገጻችን ወደ ቁማር እየወሰደ ነው» ብሎ ሲደውልልኝ መጀመሪያ አላመንኩም ነበር። አድራሻውን በኮምፒውተሬ ላይ ጽፌ ስከፍተው ገጹ እንደ ወትሮው የጭነት መጠየቂያ ቅጹንና የስልክ ቁጥሩን ያሳያል፤ የድርጅቱ ጸሐፊ በስልኳ ከጉግል ፈልጋ ስትከፍተው ግን የውርርድ ገጽ ይመጣል። ሁለታችንም ያየነው እውነት ነበር። የገባው አጥፊ ኮድ ጎብኚው ከየት እንደመጣና በምን መሣሪያ እንደሚያይ እየለየ፣ አድራሻውን በቀጥታ የሚጽፈውን ሰው፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱን፣ ሳይነካ ከፍለጋ የሚመጣውን ብቻ ያዞረው ነበር። በሩን የከፈተለት ደግሞ ገጹን የሠራው ልጅ ከአንድ የቴሌግራም ቻናል በነጻ ያወረደው፣ በትክክለኛው መንገድ ግን የሚከፈልበት የዎርድፕረስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም) ቴም፣ ማለትም የገጹ መልክ ማዘጋጃ፣ ነው።

የድርጅቱ ባለቤት «እኛን ትንንሾቹን ማን ይፈልገናል?» ብለው ጠየቁኝ። በስም የሚፈልጋቸው ሰው ላይኖር ይችላል፤ የኢንተርኔት አድራሻዎችን በተራ እያንኳኩ ያረጀ ሶፍትዌርና ደካማ የይለፍ ቃል የሚያስሱ ፕሮግራሞች ግን ትልቅና ትንሽ አይለዩም። አዲስ ሰርቨር (ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር) አስነሥቶ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሎጉን፣ ማለትም የሰርቨሩን የክንውን መዝገብ፣ የከፈተ ሰው በ22 ቁጥር ፖርት (የመግቢያ በር) ላይ የይለፍ ቃል ለመገመት የተደረጉ ሙከራዎች ተደርድረው ማግኘቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሥራ በዋነኛነት ያረጀውንና ሳያስፈልግ የተከፈተውን እየለዩ መዝጋት ነው።

መጀመሪያ መዝገብ ይክፈቱ

ከማንኛውም ቴክኒካዊ ሥራ በፊት ሰርቨሩ የት እንደሚገኝ፣ የትኛው የሊኑክስ (የሰርቨሩ ሥርዓተ ክወና) እትም እንደተጫነበት፣ ምን ምን ፕሮግራም እንደሚሠራበት፣ ዶሜይኑ (የድረ ገጹ የአድራሻ ስም) በማን ስም እንደተመዘገበና መቼ እንደሚያልቅ፣ የመግቢያ ፈቃድ ያላቸውም እነማን እንደሆኑ በአንድ መዝገብ ላይ ያስፍሩ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ሆኖም በከተማችን ከሚያጋጥመኝ ችግር ብዙው የሚመነጨው ከዚህ ነው። ገጹን የሠራው ባለሙያ ዶሜይኑን በራሱ ኢሜይል አስመዝግቦ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ አገር ይሄዳል፤ የእድሳት ማሳሰቢያውም ባለቤቱ ፈጽሞ በማያየው ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ከሥራ የለቀቀ ሰው አካውንት በለቀቀበት ቀን ይዘጋ፤ ይህም ሰውየውን ከመጠርጠር የመጣ ሳይሆን የእርሱ የይለፍ ቃል ሌላ ቦታ ቢሰረቅ ለእርስዎ የሚነግርዎ ስለማይኖር ነው።

ማዘመን

እ.ኤ.አ. በ2017 ኢኪፋክስ በተባለው የአሜሪካ የብድር መረጃ ድርጅት ላይ የደረሰው ጥፋት ለዚህ ጉዳይ በቂ ማስረጃ ነው። ቀዳዳው የተገኘበት አፓቺ ስትረትስ የተባለው ሶፍትዌር በማርች ወር ማሻሻያ ወጥቶለት ነበር፤ ድርጅቱ በአንዱ ሰርቨሩ ላይ ሳይጭነው በመቅረቱ ሰርጎ ገቦች በሜይ ወር ገብተው የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መረጃ ወሰዱ። ማሻሻያ በወጣ ቁጥር ቀዳዳው የት እንደነበረ አብሮ ይታወቃልና፣ የሚዘገይ ሰው አድራሻውን ለሌባው እንደነገረ ይቆጠራል።

ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ የደህንነት ማሻሻያዎችን በየቀኑ በራሱ የሚጭነውን አገልግሎት ያብሩት፤ የተቀሩትን ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ቁጭ ብለው ይጫኑ። የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ማሻሻያ በተለመደው አሠራር ሰርቨሩ እንደገና እስኪነሣ ድረስ ሥራ ላይ እንደማይውል ብዙዎች ይረሳሉ፤ «ለ400 ቀናት አልጠፋም» ተብሎ የሚወደስ ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ የዓመት ዕዳ የተጠራቀመበት ሰርቨር ነው። የእትሙንም ዕድሜ ይወቁ። የኡቡንቱ የረጅም ጊዜ ድጋፍ እትሞች ለ5 ዓመታት መደበኛ ማሻሻያ ያገኛሉ፤ ሴንትኦኤስ 7 የተባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ግን እ.ኤ.አ. በጁን 2024 መጨረሻ ድጋፉ ተቋርጧል፤ ዎርድፕረስ የሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ እትም ፒኤችፒ 7.4 ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ በ2022 ድጋፉ አብቅቷል። እነዚህ ላይ የተቀመጠ ገጽ ካለዎት ሌላውን ሥራ አቆይተው ወደ አዲስ እትም ያዛውሩት።

መግቢያዎች

ወደ ሰርቨሩ በኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያው መንገድ) የሚገቡት በኮምፒውተርዎ ላይ በሚቀመጥ የቁልፍ ፋይል ብቻ ይሁን፤ በይለፍ ቃል መግባትንና «ሩት» በሚለው የበላይ አስተዳዳሪ ስም በቀጥታ መግባትን ያጥፉ። ይህን ለውጥ ሲያደርጉ አሁን የገቡበትን መስኮት ሳይዘጉ በሌላ መስኮት መግባት መቻልዎን ይፈትኑ፤ በመሀል መስመር ቢቋረጥና ለውጡ ስህተት ቢኖርበት ከራስዎ ሰርቨር ውጭ ይቀራሉ። ፖርቶችን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ፋየርዎልም ሲያበሩ አስቀድመው 22ን ወይም እርስዎ የመረጡትን ፖርት ይፍቀዱ፤ ለሕዝብ ክፍት ሆነው መቅረት ያለባቸው ከዚህ ሌላ የድረ ገጹ 80 እና 443 ብቻ ናቸው። የዳታቤዙ 3306 ለውጭ ክፍት ሆኖ ካገኙት ዛሬውኑ ይዝጉት።

ብዙ መመሪያዎች «ኤስኤስኤችን ለቢሮህ አድራሻ ብቻ ክፈት» ይላሉ። እንደ እኔ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይህ ምክር አይሆንም፤ አድራሻው ይለዋወጣል፣ አንዱን አድራሻም ብዙ ደንበኞች ይጋሩታል። የተሻለው መንገድ እንደ ዋየርጋርድ ያለ ቪፒኤን (የተመሠጠረ የግል መስመር) በሰርቨሩ ላይ አዘጋጅቶ፣ የእርሱንም ፖርት በፋየርዎሉ ላይ ፈቅዶ፣ በእርሱ በኩል ብቻ መግባት ነው። የተሳሳተ የይለፍ ቃል የሚደጋግመውን የሚያግደው ፌይልቱባንም ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን በዚሁ የአድራሻ መጋራት ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ራስዎን ሊያግድዎት እንደሚችል ይወቁ።

ከሰርቨሩ ይልቅ ችላ የሚባለው የአስተዳዳሪው የራሱ ላፕቶፕ ነው። በክራክ የተጫነ ዊንዶውስና ከሱቅ ሱቅ የሚዞር ፍላሽ፣ ብሮውዘር ላይ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን ለሚሰርቅ ማልዌር (አጥፊ ፕሮግራም) የታወቁ መንገዶች ናቸው፤ የሰርቨሩ በር የቱንም ያህል ቢጠነክር ቁልፉ ከኪስ ከተወሰደ ዋጋ የለውም። ስለዚህ የይለፍ ቃሎችን በተለየ ማስቀመጫ ፕሮግራም ይያዙ፤ ለሆስቲንጉ (የሰርቨሩ ኪራይ)፣ ለዶሜይኑና ለኢሜይሉ አካውንት ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩ።

ዎርድፕረስ ላይ የተሠራ ከሆነ

የማይጠቀሙበትን ፕለጊን (በዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ ፕሮግራም) ማቦዘን ብቻውን አይበቃም፤ ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ እስካለ ድረስ ቀዳዳውም አለ፤ ስለዚህ ይሰርዙት። ፎቶዎች በሚጫኑበት ፎልደር ውስጥ የፒኤችፒ ፋይል እንዳይሠራ ይከልክሉ፤ በዚያ ፎልደር ውስጥ የፒኤችፒ ፋይል ካገኙ በአብዛኛው የሰርጎ ገብ ሥራ ነው። ማን ማንበብና መለወጥ እንደሚችል የሚወስነውን የፈቃድ ቁጥር ለፋይሎች 644፣ ለፎልደሮች 755 ያድርጉት፤ ማንም እንዲለውጠው የሚፈቅደውን «አልሠራ ሲለኝ 777 አደረግሁት» የሚለውን መፍትሔ ግን ከማንም አይቀበሉ። የሚከፈልበትን ፕለጊን በነጻ የሚያድል ሰው ለምን እንደሚያድል ደግሞ ከላይ አይተነዋል።

መጠባበቂያ ቅጂ

በሐምሌ 1998 መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ እዚህ የነበረ የድሬ ሰው፣ ንብረትን ሁሉ በአንድ ቦታ ማስቀመጥ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። ይሁንና ቅጂውን እዚያው ሰርቨር ላይ፣ አንዳንዴም ለጎብኚ በሚታይ ፎልደር ውስጥ፣ አስቀምጦ «ባክአፕ አለኝ» የሚል ደንበኛ ዛሬም አገኛለሁ። የተለመደው ደንብ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ ቢያንስ 1ዱ በሌላ ቦታ የሚል ነው። ሌላው ቦታ ማለት ከመጋላ ሰፈር ወደ ሳቢያን ሰፈር ማዛወር ሳይሆን ከከተማው ውጭ ማለት ነው።

የኢንተርኔት ፍጥነትና ዋጋ እዚህ ላይ ያሳስባል። መላውን ገጽ በየሌሊቱ መላክ ከባድ ስለሚሆን፣ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ለይቶ፣ አመሥጥሮ የሚልክ እንደ ሬስቲክ ያለ መሣሪያ ይጠቀሙ፤ የምስጢር ቁልፉን ግን ከሰርቨሩ ውጭም ያስቀምጡ፤ እርሱ ከጠፋ ቅጂውን የሚከፍተው የለም። ዳታቤዙን ለብቻው ወደ ፋይል ማውጣት አይርሱ፤ ፎልደሮችን ብቻ ገልብጦ የደንበኞችን ትእዛዝ የተወ ቅጂ አይቻለሁ። ሰርጎ ገብ ሰርቨሩን ሲይዝ ቅጂውንም እንዳያጠፋ፣ ሰርቨሩ አዲስ መጨመር እንጂ የቆየውን መሰረዝ እንዳይችል አድርገው ፈቃዱን ይገድቡ። አጥፊ ኮድ ሳይታወቅ ለሳምንታት ሊቀመጥ ስለሚችል የ7 ቀን ቅጂ ብቻ መያዝ አይበቃም፤ እኔ የየቀኑን ለ2 ሳምንት፣ የየወሩን ለ1 ዓመት እይዛለሁ። በየ3 ወሩ ደግሞ ቅጂውን በሌላ ማሽን ላይ መልሼ አስነሣለሁ፤ ምን ያህል ሰዓት እንደወሰደም በመዝገቡ ላይ እጽፋለሁ፤ ደንበኛው «መቼ ይመለሳል?» ሲል የምመልሰው ይህንኑ ቁጥር ነው።

ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ ላለ ሰው አንድ ቃል ልጨምር። ለሰርቨር ክፍል የሚመከረው ሙቀት ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው፤ የድሬዳዋ የግንቦትና የሰኔ ቀን ይህን ያለ ማቀዝቀዣ አይፈቅድም። አቧራውን በየወሩ ያስጠርጉ፤ ዩፒኤሱም (የመጠባበቂያ ባትሪው) መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲያጠፋው በኬብል ያገናኙት፤ በድንገት የጠፋ ዳታቤዝ አንዳንዴ ከጠላፊ የባሰ ጉዳት ይደርስበታል።

ሎግ ማንበብ

በሳምንት አንድ ጊዜ ማን እንደገባ፣ አዲስ የአስተዳዳሪ አካውንት ተፈጥሮ እንደሆነ፣ ባለፉት 7 ቀናት የተለወጡት ፋይሎች የትኞቹ እንደሆኑ፣ በሰዓት የሚነሡ ሥራዎች ዝርዝር ላይ ያልታወቀ ነገር ገብቶ እንደሆነና ሰርቨሩ ያልተለመደ ብዛት ያለው ኢሜይል ልኮ እንደሆነ ይመልከቱ። ሎጉን ሲያነቡ ሰዓቱ አያሳስትዎ፤ ሰርቨሩ ብዙ ጊዜ የሚመዘግበው በዩቲሲ (ከእኛ በ3 ሰዓት በሚዘገየው የዓለም ሰዓት) ስለሆነ 02:00 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። አንድ ጊዜ ይህን ዘንግቼ የራሴን ሥራ እንደ ሰርጎ ገብ ሥራ ግማሽ ቀን ሳሳድድ ውያለሁ።

ተጠልፎ ከተገኘ

መጀመሪያ የሚያጓጓው የተበላሸውን ፋይል ወዲያው መሰረዝ ነው፤ ነገር ግን አይሰርዙት። ገጹን ከሕዝብ ዕይታ ያውጡት፤ የሰርቨሩንና የሎጉን ሙሉ ቅጂ ለይተው ያስቀምጡ፤ ከዚያ በኋላ በየት እንደገባ ይፈልጉ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን በወንጀል ይቀጣል፤ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ለማመልከት ቢፈልጉ የሚያቀርቡት ማስረጃ ያ ቅጂ ነው። የደንበኞች የግል መረጃ ወጥቶ ከሆነም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለሚመለከትዎ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

ለትራንዚት ድርጅቱ ያደረግሁት ይህ ነበር። አዲስ ሰርቨር አስነሣሁ፤ ዎርድፕረስንና ፕለጊኖቹን ከዋናው ምንጭ እንደገና ጫንኩ፤ ከአሮጌው ላይ ያመጣሁት ዳታቤዙንና ፎቶዎቹን ብቻ ሲሆን፣ እነርሱንም ከመረመርኩ በኋላ ነው። በዳታቤዙ ውስጥ ማንም የማያውቀው አንድ አስተዳዳሪ ተገኝቶ ተሰረዘ። የይለፍ ቃሎችን በሙሉ ንጹሕ መሆኑን ባረጋገጥኩት ኮምፒውተር ላይ ቀየርኩ፤ ተከፍተው የነበሩ መግቢያዎች ሁሉ እንዲቋረጡም የዎርድፕረስን የምስጢር ቁልፎች ለወጥኩ። ቴሙ ዋጋ ተከፍሎበት ተገዛ። በመጨረሻ በጉግል ሰርች ኮንሶል (የድረ ገጽ ባለቤቶች ከጉግል ጋር በሚገናኙበት አገልግሎት) ድጋሚ ምርመራ ጠየቅሁና፣ ውጤቱን ጸሐፊዋ በዚያው ስልኳ ከጉግል ፈልጋ እንድትከፍት አደረግሁ፤ የጭነት መጠየቂያው ቅጽ መጣ።